ሰባት ስም በአንድ ትንፋሽ

አያ ሰይድ የሞቱት ከእኔ ስድስት እርምጃ ርቀው ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከበሩ እስከ ግራሩ ግንድ ድረስ እየተራመድኩ ለካሁት። ስድስት ሆነ። አላመንኩም፤ ተመልሼ እንደገና ለካሁ። ያው ስድስት ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ተሻግሬ ቤሩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬአለሁ። እዚያ አንድ ቀን ትልቅ ሐኪም ቤት ሊያስጎበኙን ወሰዱን። በድንገት የታመመና የቆሰለ ሰው የሚቀበሉበት ክፍል በር ላይ ነጭ የለበሰች አስታማሚ ቆማ፣ ማን አሁኑኑ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቆይ ትለያለች። ትንሽ ቆሜ አየኋትና ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ደም አይታ ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ። ደም አልነበረም። አስታማሚዋ የአንድን ሽማግሌ ጥፍር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቅ አይቼ ነው።

ያንን ጥፍር መጫን ከአያ ሰይድ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያን ጊዜ አዳማ ማለት ባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ የግሪክና የዓረብ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ እሾህና አቧራ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ሁለት ክፍል ያላት የድንጋይ ቤት ሐኪም ቤት ተብላ ተከፍታ ነበር። ሐኪሙ ግን እዚያ አይኖርም። በሳምንት ሁለት ቀን ከአዲስ አበባ በሚወርደው ባቡር ይመጣና ከአዋሽ በሚወጣው ባቡር ይመለሳል። በሁለቱ ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ አንዱ ከዘገየ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ፊሽካው ሲነፋ ሐኪሙ ሳጥኑን ዘግቶ ይሮጣል። ተራ ያልደረሰው በሽተኛ የሚቀጥለውን ባቡር ይጠብቃል፤ እስከዚያ ከቆየ።

በሽተኛው ከወለንጪቲ በእግሩ፣ ከመቂ በቅሎ ላይ ታስሮ፣ ከቡልቡላ ከነጋዴ ጋር ቀናት ተጉዞ ይመጣና ግራሩ ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ከባዱ ሥራ የሐኪሙ አልነበረም። የበረኛው ነበር።

እኔ ከሚስዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሬ የመጣሁ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የጣቢያው ጸሐፊ ስለነበረ ለሐኪሙ እንዳስተረጉምና መዝገብ እንድጽፍ ተደረገ። ጠረጴዛዬ በሩ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ አስተረጉማለሁ፣ ወደ ውጭ እየጠየቅሁ ስም እጽፋለሁ። መጠየቁ ግን ሞቴ ነበር። ሰው ቀና ብዬ አላይም፤ ድምፄም ከጉሮሮዬ አይወጣም። “ምን አለች?” “እኔ እንጃ፣ ለራሷ ነው የምታወራው” ይባባላሉ በሽተኞቹ። በኋላ መጠየቁን አያ ሰይድ ያዙልኝ።

ረጅም፣ ጠይም፣ አንደኛው ዓይናቸው ትንሽ ጨፈን ያለ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከወሎ በቅሎ እየጫኑ ሲመላለሱ ጨርሰው፣ ጉልበታቸው ሲደክም አዳማ ቀሩ። ባቡር በሌለበት ቀን ቁስል ያጥባሉ፣ ኪኒን ያድላሉ፣ ፋሻ ይቀቅላሉ። ባቡር በሚመጣበት ቀን ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው፣ መፋቂያቸውን በግራ ጉንጫቸው ይዘው ግራሩ ሥር ይዞራሉ። አንድ በሽተኛ ላይ ፍርድ ሲሰጡ መፋቂያው ወደ ቀኝ ጉንጭ ይሻገራል።

ምን እንዳመመው ማንንም አይጠይቁም።

“የማን ልጅ ነህ?” ይላሉ። የኦሮሞ ገበሬ ከሆነ “አባንኬ ኤኙ?” ይሉታል። “በል እስከ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ።”

አንዲት የወለንጪቲ አሮጊት፣ “አንተ ሰውዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ አልኩ እንጂ ባል አምጣልኝ አልኩ? ዘር የምታስቆጥረኝ ልታጋባኝ ነው?” ብላ ግራሩን በሳቅ ሞላችው።

“ሙሽራው ውስጥ ነው፣ እናቴ፤ ነጭ ነው፣ መርፌም አለው። ቁጠሪ።”

ቆጠረች፤ ሰባቱንም ዘለቀች። “ቆይ፣ ገና ነሽ” አሏት።

እኔ ብዙ ቀን ግራ ገብቶኝ ከርሜ አንድ ቀን እንደምንም ጠየቅኋቸው።

“አያ ሰይድ፣ ዘር ለመድኃኒት ምን ይረዳል?”

“ዘሩን ማን ፈለገው፣ ጸሐፊዬ!” አሉ። ጸሐፊዬ ነበር የሚሉኝ። “ስሙን አትስሚ፤ ትንፋሹን ስሚ። ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ የዘለቀ እስከ ፊሽካው ይቆያል። አራት ላይ የቆመ ቶሎ ይግባ። ሁለት ያልሞላ፣ ተሸክመሽ አስገቢው።”

“ከማን ተማሩት?”

“ከበቅሎ።”

“በቅሎ ይቆጥራል?”

“አይቆጥርም። ዳገት ላይ የሚጮኸው ግን አይሞትብሽም። የሚሞትብሽ ዝም ብሎ ቆሞ ጎኑ የሚመታው ነው። ሰው ደግሞ አኩርፎም ዝም ይላል። ስለዚህ ማናገር ነው። ዘሩን ሲጠሩለት የማይናገር ሰው አላየሁም።”

ሕዝቡ ይህን አላወቀም። አያ ሰይድ በዘር እያበላለጡ ያስገባሉ ብሎ ያምን ነበር። የቡልቡላ ነጋዴዎች መንገድ ላይ አያቶቻቸውን እያጠኑ ይመጡና፣ ባለ ብዙ አያት ቀድሞ የሚገባ መስሏቸው እስከ አሥራ ሁለት ያወርዳሉ። አሥራ ሁለት ያወረደ ሰው ከሁሉ መጨረሻ ነበር የሚገባው። ነገሩ የገባቸው አንዳንዶች ደግሞ ሁለተኛው ስም ላይ ማለክለክ ጀመሩ። ለእነሱም አያ ሰይድ መላ ነበራቸው።

“ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው? የፈረስ ሌባ አይደለህም?”

“እኔ? እኔን ነው ሌባ የምትለኝ? አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ መቂ ሂድና እኔን ጠይቅ፣ አባቴን ጠይቅ፣ በሬዬ የሰው ማሳ ገብቶ የማያውቅ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ የማላውቅ—”

“ተመስገን፣ ዳነ! ጥላ ሥር ተቀመጥ።”

እንዲህ እየሳቅን እንሠራ ነበር። ሳቄን ያስቆመው የፊታውራሪው ቀን ነው።

አንድ ፊታውራሪ እግራቸውን ቁርጥማት ይዟቸው በበቅሎ መጡ። ተከታዮቻቸው ሰልፉን በዱላ ገፍተው ከፈቱት። አያ ሰይድ እስከ መሬት ድረስ እጅ ነሱና፣ “ጌታዬ፣ የቤቱ ደንብ ሆኖ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ” አሉ።

“ሰባት ብቻ?” አሉ ፊታውራሪው ደስ ብሏቸው። አያቶቻቸውን ከነማዕረጋቸው፣ አንዴም ሳያርፉ፣ አሥር አደረሱ።

“አሥር ቤት በአንድ ትንፋሽ! አላህ ያቆይልዎት። በሉ ጥላው እዚያ ነው።”

“ጥላ?” አለ አንዱ ተከታይ። “ጌታዬ የዚህ ሁሉ ቁስለኛ ጭራ ሊሆኑ?”

አያ ሰይድ አልሰሙትም። መፋቂያቸው ወደ ቀኝ ተሻግሯል። ከፊታውራሪው ኋላ ጠመንጃ ተሸክሞ የቆመውን ወጣት አሽከር እያዩ ነበር። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

“አንተ የማን ልጅ ነህ?”

“የ... ጌታዬ...” አለ፣ መጨረስ አቃተው።

“ጸሐፊዬ፣ ይሄ ይግባ።”

ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። አሽከር ከጌታው ቀድሞ፣ ያውም ጌታው ቆመው እያዩ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ተከታዩ ዱላውን አንሥቶ የአያ ሰይድን ትከሻ መታ። ድምፁ ቆርቆሮው ላይ አስተጋባ። እሳቸው ወዲያም ወዲህም አላሉም። ጠመንጃውን ከወጣቱ ትከሻ አወረዱና ለዚያው ለመታቸው ሰው ሰጡት።

“ያዝ እስኪ፣ ይከብደዋል” አሉት።

ፊታውራሪው ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩና፣ “ምንጣፍ አንጥፉልኝ” ብለው ጥላው ሥር ተቀመጡ። ሐኪሙ ከዚያ ወጣት ደረት በመርፌ የቀዳው መግል ሳፋ ሞላ። ፊሽካው ሲነፋ የፊታውራሪው ተራ አልደረሰም ነበር። በቅሏቸው ላይ እየወጡ፣ “በሚቀጥለው ሁለት ብቻ ነው የምቆጥር” አሉና ሄዱ። ወጣቱ ዳነ። አያ ሰይድ ትከሻቸውን ሰንብተው በቅቤ ሲያሹ አየኋቸው፤ ስለ ዱላው ግን አንዴም አላነሡም።

ቆጠራው የማያየው በሽታ እንዳለ ያወቅነው በገመቹ ነው።

ገመቹ የመቂ ገበሬ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ሆዱን ይዞ መጣ፤ ዘጠኝ ስም በአንድ ትንፋሽ፣ እየሳቀ ቆጠረ። ጥላ ሥር ተቀመጥ ተባለ። ሦስት ሰው ቀርቶት ሳለ ተራውን ለማስታወስ ስንጠራው አልመለሰም። ተቀምጦ እንደሳቀ ሞቶ ነበር። አያ ሰይድ ፊቱ ተቀምጠው እጁን ያዙ። ጥፍሩን ጫን አድርገው ለቀቁ፤ እንደነጣ ቀረ። ቀጥለው የራሳቸውን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁ፤ ወዲያው ቀላ። የእሱን፣ የራሳቸውን፣ የእሱን፣ የራሳቸውን።

“ጥፍሩ ይነግረኝ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።”

ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ “ስሙን ጻፊና አንብቢልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጮክ ብለሽ” አሉኝ። ማንበብ አይችሉም ነበር። “ገመቹ” አልኩ፤ ጮክ ማለቱ ግን አልሆነልኝም። ከንፈራቸው ስሙን ደገመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካስቆጠሩ በኋላ እጅ ይይዛሉ። “ጥፍሩ ነጥቶ ለመቅላት ከዘገየ ቢዘፍንም ይግባ” አሉኝ። እንዲያም ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ተራ ሲጠብቁ የሞቱብን ነበሩ። ጊዜው ያጥራል፣ ባቡሩ ይዘገያል፣ ሁለት ሰው እኩል ይደክምና አንዱ ብቻ ይገባል። በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጡና አንድ ጊዜ ያስነብቡኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይሄዳሉ። ለምን ብዬ ጠይቄአቸው አላውቅም።

የጣቢያው ኩሊዎች ይተርቧቸው ነበር። “አያ ሰይድ! የሰው አያት ስትቆጥር ትውላለህ፣ ያንተን መቼ ነው የምንሰማው?”

“እኔ ተራ አልጠብቅ! በረኛን ማን ያስቆጥረዋል?” ይሉና ያልፋሉ።

አንድ ቀን ፋሻ ስናጥብ ግን፣ ሳልጠይቃቸው፣ “አባቴን አላውቀውም” አሉኝ። “ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው የተሸጥኩት። አገሬ የት እንደሆነም አላውቅም። ሰይድ ያለኝ የገዛኝ ነጋዴ ነው። የኔ ቆጠራ እሱ ላይ ያልቃል፤ አንድ።”

የያዝኩት ፋሻ አቧራው ላይ ወደቀ። ጠዋትና ማታ የሰው ሰባት ቤት የሚሰሙ ሰው!

“አንሺው” አሉኝ ፋሻውን እያሳዩ። “እንደገና እንቀቅለዋለን።”

አሁን ወደዚያ ቀን ልመጣ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከቡልቡላ ነጋዴዎች መጥተው ነበር። አያ ሰይድ በሽተኛ ሲያወርዱ አንዲት በቅሎ ሆዳቸውን ረገጠቻቸው። ጎንበስ ብለው ትንሽ ቆዩና ቀና አሉ። “ሰላምታዋ ነው፤ ከእነሱ ጋር አይደል ያደግሁ” አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

በማግሥቱ በዚያ ሐሩር ብርድ ልብስ ተከናንበው መጡ። “ንዳዴ ተነሣብኝ። ዛሬ በሩን አንቺ ያዢ” አሉኝና ግራሩ ግንድ ላይ ተደግፈው፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ተቀመጡ። አዳማ ውስጥ ንዳድ ያልያዘው ሰው የለም፤ አልተጠራጠርኩም። ፍርሃቴ ሌላ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ማናገሬ።

ቀኑም ክፉ ነበር። የሐኪሙ ባቡር በጣም ዘግይቶ ገብቷል፤ የመመለሻው ግን በሰዓቱ እንደሚደርስ ከአዋሽ በስልክ ተነግሯል። ወለንጪቲ ጉድጓድ ተደርምሶባቸው ሁለት ሰዎች በቃሬዛ መጥተዋል። አንዲት ሕፃን እናቷ ጭን ላይ ጉሮሮዋ ያፏጫል። ሌላም ብዙ አለ። ለሁሉም ጊዜ እንደማይበቃ ግራሩ ሥር ያለ ሁሉ ያውቃል።

“የ... የማን ልጅ ነህ?” አልኩ ለመጀመሪያው።

“ምን አለች?”

“ጮክ በይ፣ ጸሐፊዬ!” አሉ አያ ሰይድ ከግንዱ ሥር። “የሰው ነፍስ ነው እንጂ ጨው አይደል የምትለምኝው!”

ሰው ሳቀ፤ እኔም ድምፄ ወጣ። አስቆጠርኩ፣ ጥፍር ተጫንኩ። ቃሬዛዎቹን፣ ሕፃኗን፣ ከዚያ አንዲት ወላድ ለየሁ። ሰልፉን ጨርሼ እሳቸው ጋ ስደርስ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

“በሉ፣ ዛሬ እርስዎም ይቁጠሩ” አልኳቸው እየሳቅሁ።

ፈገግ አሉ። ቀና ብለው አዩኝና በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያቋርጡ፣ ሰባት ስም ቆጠሩ።

አጠገባቸው የተቀመጠ ሽማግሌ፣ “ኧረ አያ ሰይድ! በአባት ቆጠራ ውስጥ ሴት ታስገባለህ እንዴ?” ብሎ ሳቀባቸው።

“የኔ ዘር እንዲህ ነው” አሉት።

እኔ ስሞቹን አልሰማሁም። ጆሮዬ እንዳስተማሩኝ ትንፋሻቸው ላይ ነበር። ትንፋሻቸው ሙሉ ነበር።

የቀረኝ ጥፍሩ ነው። እጆቻቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበሩ። “እጅዎን” የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ። የማንንም እጅ ስይዝ ነው የዋልኩት፤ የእሳቸውን ግን አፈርኩ። እኔ የአባቴ ልጅ፣ ታላቄን፣ አስተማሪዬን፣ አምጣ እጅህን ልል? ለአንድ አፍታ ዓይን ለዓይን ተያየን። የምፈልገውን ያወቁ ይመስለኛል። ብርድ ልብሱን ሳብ አደረጉት።

“ሕፃኗን እያስጠበቅሻት ነው፤ ሂጂ” አሉኝ።

ሄድኩ።

ሕፃኗ ገባች። ቃሬዛዎቹ ገቡ። ወላዷ ገባች። በየመካከሉ ቀና ብዬ ሳይ አያ ሰይድ እንደተደገፉ ናቸው፤ መፋቂያቸው በግራ ጉንጫቸው አለ። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ “ስንት ቀረ?” አለኝ። አራት አልኩት። ቢያንስ ለአያ ሰይድ ኪኒን ይስጣቸው ብዬ ሮጥኩ።

“አያ ሰይድ፣ ተራዎ ደረሰ።”

ብርድ ልብሱ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ አንድ እጃቸው መሬት ላይ ወድቋል። አነሣሁት። አውራ ጣቴን ጥፍራቸው ላይ አሳርፌ ጫንኩና ለቀቅሁ። ነጣ። ጠበቅሁ። እንደነጣ ቀረ። የራሴን ጫንኩ፤ ቀላ። የእሳቸውን። የራሴን። ሐኪሙ መጥቶ እስኪያስለቅቀኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩ አላውቅም።

ሸሚዛቸውን ገለጠ። ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ በስተግራ የበቅሎ ኮቴ ቅርጽ ጠቁሯል።

“ደም ውስጥ ፈሷል” አለ። “ከትናንት ጀምሮ ነው። ይህ ሰው ይህን ያውቅ ነበር?”

“ያውቁ ነበር” አልኩ። ይህን ስል ነው ራሴም የገባኝ። ጥፍራቸው ምን እንደሚል ያውቁ ነበርና ነው እጃቸውን የደበቁት። ሰልፉን ከእኔ በፊት ቆጥረው፣ ለማን እንደሚበቃ ለማን እንደማይበቃ ለይተው፣ ራሳቸውን መጨረሻ አድርገው ነው የተቀመጡት።

“መጀመሪያ ቢገቡ ይድኑ ነበር?” አልኩት።

ሐኪሙ ባቡሩን አየ። ከዚያ እኔን አየ። “መዝግቢው” ብሎኝ ሄደ።

ጠረጴዛዬ ጋ ተመለስኩ። የበሽተኛው ስም በሚለው ሥር “ሰይድ” ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ዓምድ የአባት ስም ይላል። እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ። አባታቸውን አያውቁም። ታዲያ የቆጠሩልኝ ሰባት ስም የማን ነው?

ያን ጊዜ ነው ስሞቹ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዬ የተመለሱት። ገመቹ። ወለተ ማርያም። አህመድ። ቱፋ። ኃይሌ። ዘሃራ። በዳሶ።

ኦርቶዶክሱም፣ እስላሙም፣ ሴቱም፣ ወንዱም። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሁሉም አሉ፤ በእኔው እጅ ተጽፈው፣ በሞቱበት ቅደም ተከተል። ግራሩ ሥር ተራ ሲጠብቁ የሞቱብን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስነበቡኝ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዱንም ሳይረሱ፣ ልክ ሰባት።

ወደ ቀኑ ገጽ ተመለስኩና የአባት ስም በሚለው ሥር “ገመቹ” ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ተነሥቼ ቆምኩና፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።